ሕመምተኛ ያለበት ቤት ትኬት ሲቆርጥ

«እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ኢንሹራንስ ብገዛም አይከፍሉኝም።» ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ለገና ወይም ለክረምት ወደ አገር ቤት ለመሄድ ትኬት የሚቆርጥ ሐበሻ ይህን ወይ ራሱ ብሎታል፣ ወይ ከዘመድ ሰምቶታል። ከኋላው ሌላ ንግግር ይከተላል፦ «ገና ሳትሄዱ ስለ ሕመምና ስለ ሞት አታንሱ፣ ሟርት ነው።» ሁለቱ ተደምረው በመካከላችን እንደ ደንብ የጸና አስተሳሰብ ሆነዋል። በዚህ አስተሳሰብ የጉዞ ኢንሹራንስ ቤተሰቡ ሁሉ ጤነኛ ለሆነ፣ ሐሳብ ለሌለበት ሰው የተሠራ ነው። እናቱ ወይም አባቱ የታመሙበት ሰው ግን ከመጸለይና ትኬቱን ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። ስሕተቱም ብዙ ቤተሰቦች ለዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአንድ የስልክ ጥሪ እንዲያጡ ስለሚያደርግ ዝም ሊባል አይገባውም። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኢንሹራንሱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው በቤቱ ሕመምተኛ ላለበት ሰው ነው፣ በጊዜ ከገዛም ሊከፈለው ይችላል። ብዙ ሰው ወላጆቹ ከመታመማቸው የተነሣ ሳይሆን ቀኑ ስላለፈበት፣ ሕመሙ ከእሱ ስለተሸሸገ፣ ወረቀቱም ስለሌለው ነው የሚከለከለው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ማስተካከል ደግሞ በእጃችን ነው።

መጀመሪያ ውሉ ምን እንደሚል እንመልከት፤ በወሬ ሲተላለፍ የኖረው ከተጻፈው ጋር አይገናኝምና። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አብዛኞቹ የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች «የታመመ ቤተሰብ ያለው አይከፈለውም» አይሉም። ኩባንያው የሚያደርገው ኢንሹራንሱ ከተገዛበት ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው፤ እንደ ውሉ 60፣ 90፣ 120 ወይም 180 ቀን ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ተጓዡ፣ አብሮት የሚሄደው ሰው፣ በብዙ ውሎች ደግሞ ቤት የሚቀረው የቅርብ ዘመድ አዲስ የሕመም ምልክት ታይቶበት፣ ምርመራ ታዞለት፣ ሕክምና ተደርጎለት ወይም መድኃኒቱ ተለውጦ ከሆነ ያ ሕመም «ነባር» ይባላል፤ በእሱ ምክንያት ጉዞው ቢሰረዝ አይከፈልም። እንግዲህ ለሃያ ዓመት ስኳር ያለባት፣ ያንኑ ክኒን በዚያው መጠን ስትውጥ የኖረች እናት በብዙ ውሎች ሕመሟ የተረጋጋ ነው፤ ድንገት ብትወድቅ ክልከላው አይነካትም። ጎረቤቷ የግፊት መድኃኒቷ መጠን ባለፈው ወር ከፍ ተደርጎላት ከሆነ ግን ይነካታል። ለኩባንያው የበሽታው ስም ሁለተኛ ነገር ነው፤ የሚጠይቀው በቅርቡ ምን ተለወጠ ብሎ ነው።

አገር ቤት ያለውን የመድኃኒት ችግር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መስጋቱ አይቀርም። ፋርማሲ ሄዶ የለመዱትን መድኃኒት ማጣት፣ ባለሙያው «ይኼኛውም ያው ነው» ብሎ የሌላ ፋብሪካ ምርት መስጠቱ የተለመደ ነው። ብዙ ውሎች ታዋቂ ስም ካለው መድኃኒት ወደ ተመሳሳዩና ወደ ርካሹ መሸጋገርን እንደ ለውጥ አይቆጥሩትም። ሐኪም መጠኑን ሲጨምር ወይም ሌላ ዓይነት ሲያዝ ግን ይቆጥሩታል። ልዩነቱን ማወቅ የሚቻለው ለእናት ስልክ ደውሎ «ደኅና ነሽ ወይ» ከማለት አልፎ «መድኃኒትሽን ቀየሩልሽ ወይ» ብሎ በመጠየቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ ሲያነሣው የማልሰማው የውሉ ክፍል ግን ሌላ ነው። ለጉዞው የመጀመሪያው ገንዘብ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ኢንሹራንሱን የገዛ፣ የማይመለሰውን የጉዞ ወጪ በሙሉ ያስመዘገበ፣ በገዛበትም ቀን ራሱ ለመጓዝ የሚያበቃ ጤና ያለው ሰው ብዙ ኩባንያዎች የነባር ሕመሙን ክልከላ ጭራሽ ያነሡለታል። የቀኑ ቁጥር ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ ሁሉም ውል ይህን አይሰጥም፤ የሚሰጡት ግን ጥቂት አይደሉም፣ የተደበቁም አይደሉም። በዚህ መንገድ ለገዛ ሰው ወደ ኋላ ተቆጥሮ የእናቱ መድኃኒት ባለፈው ወር መለወጡ አይመረመርበትም። «አይከፍሉኝም» የሚለው ሰው በር ተዘግቶብኛል የሚለው፣ በሩ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ ነው።

አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እንውሰድ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ገናንና ጥምቀትን አዲስ አበባ ሊያሳልፉ በነሐሴ ትኬት ይቆርጣሉ። የባልየው እናት በሐምሌ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አድረው ወጥተዋል፤ እህቱ እንዳይጨነቅ ብላ አልነገረችውም። ባልየው በጥቅምት አንድ ጓደኛው ስለመከረው ኢንሹራንስ ይገዛል። በኅዳር መጨረሻ እናት ክፉኛ ይታመማሉ። ባልየው ብቻውን በቶሎ ይበራል፤ ሥራዋን ጥላ ልጆቿን ይዛ መሄድ የማትችለው ሚስት ትቀራለች፤ የገናው ጉዞ ይሰረዛል። ኩባንያው የሆስፒታሉን ማስረጃ ሲጠይቅ የሐምሌው ሕክምና ተጽፎ ይመጣል። ከጥቅምት ወደ ኋላ 180 ቀን ሲቆጠር ሐምሌ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ይከለከላል። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው በየለቅሶ ቤቱና በየክርስትናው «እነዚህ ሌቦች ናቸው» ይላል፤ የሚሰማው ሁሉ ያምነዋል፣ ለሌላውም ያስተላልፋል። ያንኑ ኢንሹራንስ በዚያው በነሐሴ፣ ትኬቱን በቆረጠ ሳምንት፣ ክልከላውን ከሚያነሣ ኩባንያ ገዝቶት ቢሆን ኖሮ የሐምሌው ሕክምና ጥያቄ ባላስነሣበትም ነበር። እህቱ ሐምሌ ላይ ብትነግረው ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይል ይገዛ ነበር።

ወደ ሟርቱ ልመለስ፤ ንቄ የማልፈው ክርክር አይደለምና። ከክፋትም ከድንቁርናም የመጣ አይደለም። ወላጁን የሚወድ ሰው የወላጁን መታመም በገዛ አፉ ጠርቶ፣ በቅጽ ላይ ሞልቶ፣ ገንዘብ ሊከፍልበት ይከብደዋል። ግን ያው ሰው፣ ያቺው ሰው፣ የእድር አባል ናቸው። አዲስ አበባ ያሉት ወላጆች በየወሩ ለእድር ይከፍላሉ፤ እዚህ ያሉት ልጆችም ብዙዎቹ በመረዳጃ ማኅበር ታቅፈው አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ያዋጣሉ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ማንም ሳይሞት ተገዝቶ በእድሩ ቤት ይቀመጣል። ይህን ሟርት ያለው ሰው አላውቅም፤ እንዲያውም እድር የሌለው ሰው ነው የሚታዘንለት። ነባር ሕመም የሚባለውንም እድር ያውቀዋል፤ ጤነኛ በነበረበት ዘመን ሁሉ ሲለመን እምቢ ብሎ ሕመምተኛው ማጣጣር ሲጀምር ልመዝገብ ብሎ የሚመጣን ሰው የእድሩ ዳኛ እንዲቀበለው ማንም አይጠብቅም። ዳኛውን ጨካኝ አንለውም፤ የሌላው አባል መዋጮ ነውና። ኢንሹራንስ ኩባንያ ይህንኑ ሲያደርግ ብቻ ነው ሌብነት የሚሆነው።

በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው፤ የምንወድቀውም እዚያ ላይ ነው። እድር ያውቀናል። ጥሩንባው ሲነፋ ሰፈሩ ይሰማል፣ ሰው ይመጣል፣ ሐዘኑን በዓይኑ ያያል፤ ማስረጃ አምጡ የሚል የለም። ኢንሹራንስ ኩባንያ ግን ወረቀት እንጂ ሰው አያውቅም። ሐኪም የመረመረበት ቀን፣ የሕመሙ ዓይነት፣ ሕመምተኛው ሆስፒታል መተኛቱ ወይም ሕይወቱ አደጋ ላይ መሆኑ፣ ወይም ተጓዡ ቀርቶ ሊያስታምመው የሚገባ መሆኑ በፊርማና በማኅተም ተጽፎ ይፈልጋል። ብዙ ውሎች ሐኪሙ ሕመምተኛውን ጉዞው ከመሰረዙ በፊት ማየት አለበት ይላሉ። «እናቴ ታማ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል» ማለት ለእኛ በቂ ነው፤ ለእነሱ ምንም አይደለም።

የእኛ ቤት ደግሞ ሕመምን ይሸሽጋል። እናት ተኝተው ሲወጡ ባሕር ማዶ ላለ ልጅ «ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ነው» ይባላል። ካንሰር ሲሆን ስሙ አይጠራም። ሞትም ቢሆን በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተመርጦ፣ በማለዳ ቤቱ ተኪዶ ይረዳል፤ አንዳንዴም አገር ቤት እስኪገባ ድረስ ይደበቅበታል። ይህ ልማድ ርኅራኄ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብቻውን አፓርታማ ውስጥ ላለ ሰው መርዶን በስልክ መስማት ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ርኅራኄው ዋጋ ያስከፍላል። ብዙ ውሎች ጉዞውን የሚያስቀረው ነገር ከታወቀ በኋላ በአጭር ጊዜ፣ አንዳንዶቹ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ትኬቱ እንዲሰረዝና ኩባንያው እንዲነገረው ይጠይቃሉ። ዘግይቶ የሰረዘ ሰው በመዘግየቱ የጨመረውን ኪሳራ ራሱ ይሸከማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት አባቶቻችን ስለ ሕመምተኛው ተናግረውት ይሆናል፤ ዛሬ ግን የሚደብቁት አስታማሚዎቹ ናቸው፣ የሚከፍለውም ሩቅ ያለው ልጅ ነው። ቢያንስ ከወንድምና ከእህት አንድ ሰው ይመረጥ፤ ወላጆች ሆስፒታል በገቡ፣ መድኃኒታቸው በተለወጠ ጊዜ ለዚያ ሰው ሳይደበቅ ይነገረው። ሌላው ቤተሰብ እንደ ልማዱ ይቆይ።

ስለ ጸበልም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ወላጆቻችን ሲታመሙ ጸበል ይሄዳሉ፤ ለሳምንታት እዚያው ይሰነብታሉ። ይህን የሚቃወም ቃል አይወጣኝም። ነገር ግን እናት በጠና ታመው በቀጥታ ጸበል ከገቡና ሐኪም ካላያቸው ልጃቸው የሰረዘው ጉዞ በወረቀት ላይ ያለ ምክንያት የተሰረዘ ነው። አስቀድሞ ሆስፒታል ካርድ አውጥቶ መታየት፣ የሐኪሙን ማስረጃ መያዝ፣ ከዚያ ጸበሉንም መቀጠል ይቻላል። ሞት ሲመጣም የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ የሚሰጠውን የሞት የምስክር ወረቀት ለማውጣት አርባው እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የካሳ ማስረጃ ለማቅረብ ብዙ ውሎች የሚሰጡት ጊዜ 90 ቀን አካባቢ ነው፣ የአማርኛውን ሰነድ ለማስተርጎምም ጊዜ ይወስዳል።

እስካሁን የተናገርኩት ኢንሹራንስን ከሚገባው በላይ ያሞገስኩ እንዳያስመስለኝ ደግሞ የማያደርገውን እናገራለሁ። ኢንሹራንሱ የሚመልሰው የቀረውን ጉዞ ወጪ ነው። እናቱን ለመድረስ በማግስቱ የተቆረጠውን አዲስ ትኬት አይከፍልም። ከላይ ያለው ባል በጊዜ ገዝቶ ቢሆን እንኳ የኅዳሩን ትኬት ከኪሱ ነው የሚገዛው፤ የሚመለስለት የአምስቱ ሰው የገና ትኬት ነው። ጉዞው ከተጀመረ በኋላ፣ ለምሳሌ ቤተሰቡ አዲስ አበባ እያለ ሜሪላንድ የቀሩት አያት ቢወድቁ፣ ጉዞን ስለማቋረጥ የሚናገረው ሌላው የውሉ ክፍል ይሠራል፤ እሱ በብዙ ውሎች ቶሎ ለመመለስ የሚወጣውን ተጨማሪ ወጪ ጨምሮ ከተመዘገበው ዋጋ እስከ 150 በመቶ ይደርሳል።

ቤተሰብ የሚለው ትርጉምም እንደ እኛ አይደለም። ውሎቹ ወላጅን፣ ልጅን፣ ወንድምና እህትን፣ አያትን፣ የትዳር ጓደኛ ወላጆችን ያካትታሉ፤ ብዙዎቹ አጎትና አክስትን፣ የወንድምና የእህት ልጅን ይጨምራሉ። ያሳደገችንን የጎረቤት እትዬ፣ የክርስትና አባትን፣ በማደጎ ወረቀት ሳይሆን በፍቅር ብቻ ልጅ የሆነውን ግን አያውቁም። የብዙዎቻችን እናት በወረቀት እናታችን ያልሆነች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ሰው የታመመበት ተጓዥ በተለመደው ውል አይረዳም፤ እሱ ሊመለከተው የሚገባው በማንኛውም ምክንያት ለመሰረዝ የሚያስችለውን ተጨማሪ ሽፋን ነው። ይህኛው ሐኪም አይጠይቅም፣ ዝምድና አይጠይቅም። የሚመልሰው ግን ሙሉውን ሳይሆን ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው፤ እሱም ትኬቱ በተቆረጠ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ መገዛት አለበት፤ ጉዞውም ከመነሻው ሰዓት ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ መሰረዝ አለበት። ትኬት ሲቆረጥ ወላጁ አስቀድሞ ሆስፒታል የተኛበት ሰውም ወደዚህ ቢያዘነብል ይሻለዋል፤ የነባር ሕመም ክልከላ ቢነሣለት እንኳ ሲገዛ አስቀድሞ የሚታይ ነበር የሚል ክርክር ሊገጥመው ይችላልና።

ሂሳቡን በምሳሌ ላስላው። አምስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 1,800 ዶላር፣ በድምሩ 9,000 ዶላር። የጉዞ ኢንሹራንስ ዋጋ እንደ ተጓዦቹ ዕድሜና እንደ ውሉ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ወጪ ከ4 እስከ 10 በመቶ ነው። በ6 በመቶ ብናስበው 540 ዶላር ይሆናል። በማንኛውም ምክንያት ለመሰረዝ የሚያስችለው ሲጨመር ዋጋው ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ 810 ዶላር ደረሰ እንበል። ለአንድ ቤተሰብ 810 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ያለመታደል ሆኖ ጉዞው በማንኛውም ምክንያት ቢሰረዝ ከ9,000ው 75 በመቶውን፣ 6,750 ዶላር፣ ማትረፍ ግን ከዚያ ይበልጣል። ብቻውን የሚሄድ፣ የትኬቱም ደንብ በትንሽ ክፍያ ቀን ማስቀየር የሚፈቅድለት ሰው ኢንሹራንሱን ባይገዛ አልፈርድበትም፤ የሚያጣው የማስቀየሪያውን ክፍያ ብቻ ነውና። ትኬቱ የማይመለስና የማይቀየር፣ ተጓዡ ብዙ፣ ወላጁ የታመመ ሲሆን ግን ያለ ኢንሹራንስ መሄድ የልጆቹን ገንዘብ ማስያዝ ነው።

ታዲያ ሰዉ ለምን አይከፍሉም ይላል? ከፊሉ የገዛው የተሳሳተውን ስለሆነ ነው። ትኬት በኢንተርኔት ሲቆረጥ መጨረሻ ላይ ምልክት አድርጉ የሚባልባት ትንሿ ሳጥን የምትሸጠው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለውን ውል ነው፤ የነባር ሕመም ክልከላን የማያነሣም አለ። ክሬዲት ካርዴ ይሸፍነኛል የሚለውም ብዙ ነው፤ ካርዶቹ ውስጥ በእርግጥ የጉዞ መሰረዝ ሽፋን ያላቸው አሉ፣ ነባር ሕመምን ግን በተለምዶ አይቀበሉም። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ደግሞ ኢንሹራንስን የሚያውቀው የሸንገን ቪዛ ለማግኘት ኤምባሲ እንደሚጠይቀው ወረቀት ነው። የዚያ ግዴታ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምናና ወደ አገር የመመለሻ ሽፋን መያዝ ነው፤ በእናት ሕመም የቀረን ጉዞ መመለስን አይመለከትም። ያንን ይዞ ተከልክሎ «ኢንሹራንስ ውሸት ነው» ማለት ሌላ ነገር ገዝቶ ሌላ ነገር መጠየቅ ነው።

የትኬት ቢሮዎቻችንን እዚህ ላይ መውቀስ ተገቢ ነው። ደንበኛውን በስሙ ያውቁታል፣ እናቱ እንደታመሙም ያውቃሉ። ግን ብዙዎቹ የሚጠይቁት «ኢንሹራንስ ይጨመር?» ብቻ ነው፤ «አይ፣ ተይው» ሲባሉ ያልፋሉ። ከዚህ የሚሻል አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ቤት ውስጥ በቅርቡ የታመመ ሰው አለ? ካለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወስኑ።» በዚህ አጋጣሚ ደንበኛውም ማወቅ ያለበት አለ። በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት ከበረራው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ አስቀድሞ በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተገዛ ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ ወይም ሳይከፈል ሊያዝ ይችላል፤ ደንቡ የሚያስገድደው አየር መንገዱን ነው፣ የትኬት ቢሮን አይደለም። አየር መንገዱ ራሱ በረራ ሲሰርዝ ገንዘብ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ እናትዎ ስለታመሙ እርስዎ ሲሰርዙ ግን የለበትም። ኢንሹራንሱም ከተገዛ በኋላ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ቀን ውስጥ ውሉን አንብበው ካልወደዱት ገንዘብዎን ማስመለስ ይቻላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ገዝቶ በእርጋታ ማንበብ ከማመንታት ይሻላል።

ለንደንና በርሚንግሃም ያሉ ወገኖች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የብሪታንያ ውሎች ሲገዙ ስለ ጤና ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ስለማይጓዝ የቅርብ ዘመድ ሕመምም የሚጠይቁ ወይም የታወቀውን ከሽፋን የሚያወጡ አሉ። በ2012 የወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ ገዢው ለተጠየቀው በጥንቃቄና በእውነት እንዲመልስ ያስገድደዋል። እዚያ መደበቅ ካሳ ከማስቀረት አልፎ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። የሐምሌውን ሕመም ያልሰማው ልጅ በዚያ አገር ያላወቀውን አልዋሸም፤ አውቆ «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ የሞላው ግን ገንዘቡን በእጁ ጥሏል።

በመጨረሻ የሚቀረው «ሌቦች ናቸው» የሚለው ነው። ያለ አግባብ የሚከለክሉ ኩባንያዎች መኖራቸውን አልክድም። በስልክ ማድከም፣ የቀረበን ማስረጃ ደግሞ መጠየቅ፣ የኢትዮጵያን ሆስፒታል ወረቀት በጥርጣሬ ማየት ያጋጥማል። ነገር ግን ከተከለከሉት ወገኖቻችን ስንቱ ነው መልሱን በጽሑፍ የጠየቀ? ኩባንያው የከለከለበትን የውሉን አንቀጽ በጽሑፍ እንዲጠቅስ ማድረግ፣ ከሐኪሙ ተጨማሪ ማብራሪያ አስጽፎ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ መብት ነው። እሱም ካልሆነ በእያንዳንዱ ግዛት የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ አለ። በሜሪላንድ የግዛቱ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ በኮርፖሬሽን ኮሚሽኑ ሥር ያለው የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ የኢንሹራንስ፣ የሴኩሪቲስና የባንክ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ይቀበላሉ፤ አቤቱታውን ለማቅረብ ክፍያ የለም፣ ጠበቃም አያስፈልግም፤ ኩባንያው መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል። በዲሲ ደግሞ በ2004 የጸደቀው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ኩባንያውን ሌባ የሚል ሰው ያንኑ ቃሉን፣ በዚያው ቋንቋው፣ ሊሰማው ግዴታ ላለበት መሥሪያ ቤት ይዞ መሄድ ይችላል።